የዝናብ መጥረጊያ በበጋ ይታሰባል



የፒክአፕ መኪና ዝናብ መጥረጊያ ይበልጡን የሚጎዳው በክረምት ሳይሆን በበጋ ነው። በደረቁ ወራት ጎማው ሥራ ፈትቶ በፀሐይ ይደርቃል፤ የፒስታ መንገድ አቧራም ከሥሩ ይከማቻል። ጉድለቱ ግን የሚገለጠው በመጀመሪያው ዝናብ፣ ያውም በሌሊት፣ የመጪው ካሚዮን መብራት በተቧጨረው መስታወት ላይ ሲበተን ነው። ያን ጊዜ አሽከርካሪው ብርሃኑን እንጂ እግረኛውን አያይም።

ስለዚህ ምርመራው ክረምቱ ሳይገባ ይፈጸም። መጥረጊያው ቀጭን መስመር ትቶ ካለፈ ጎማው ቆሽሿል ወይም ተሰንጥቋል፤ እየዘለለ ከጠረገ ደርቋል ወይም ክንዱ ተጣሟል፤ ሰፊ ቦታ ሳይነካ ካለፈ የክንዱ ሞላ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ሞላው ከላላ አዲስ ጎማ መግዛት ብቻውን ከንቱ ወጪ ነው።

ሲገዛም የነባሩ ርዝመት ይለካ፤ የቀኙና የግራው ሊለያይ ይችላልና። የረዘመው ከመስታወቱ ጠርዝ ይጋጫል፤ ያጠረው ሳይጠርግ የሚተወው ቦታ ይበዛል።

ጎማው በሳሙናና በውሃ በራሰ ጨርቅ ይጽዳ እንጂ ቤንዚንና ናፍጣ አይንካው፤ ያሳብጡታልና። አቧራ በለበሰ መስታወት ላይም ውሃ ሳይፈስ መጥረጊያው አይከፈት። ያረጀ ጎማ በአነስተኛ ወጪ ይተካል፤ የተቧጨረ መስታወት በብዙ ወጪ ይተካል፤ የጠፋ ሕይወት ግን ከቶ አይተካም።