መኪናችን ለምን ትሞቃለች? ቼክ ከመፈረማችን በፊት የጠየቅናቸው ጥያቄዎች

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ፒካፓችን ነው። እኛ በሂሳብና ንብረት ክፍል የምንሠራው ሦስት ሴቶች መካኒክ አይደለንም፤ ኮሌጅ የተማርነው የሂሳብ መዝገብ አያያዝ ነው። ሆኖም ባለፈው ነሐሴ አንድ የወጪ ማዘዣ ጠረጴዛችን ላይ መጣ። ልንፈርም ብዕር ካነሳን በኋላ መልሰን አስቀመጥነው። ለምን እንደሆነ እናስረዳችሁ።

መኪናዋን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። አሮጌ ቶዮታ ላንድክሩዘር ናት፤ ሞተሯ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው፣ ቱርቦ የለውም። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ቲማቲም ጭና ደብረ ብርሃን ታመጣልናለች። መንገዱን አስቡት፦ ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ሲና ታልፎ ጣርማበር ሲደረስ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ ዳገት ተጭና ስትወጣ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ይጠጋ ጀመር።

አንድ ጋራዥ አይቷት «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው መከፈት አለበት» አለን። የተጠየቅነው ገንዘብ በመስከረም ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ልናበድራችሁ ካስቀመጥነው ግማሹን የሚወስድ ነበር። እኛ ደግሞ ካዝና ሲጎድል ገንዘብ ያዡን አንከስም፤ መጀመሪያ ደረሰኞቹን እንቆጥራለን።

ሾፌራችንን «ጋሼ፣ የምትሞቀው መቼ መቼ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። «ሁልጊዜ ነው ልጆቼ» አሉን። «ሁልጊዜ» የሚል ቃል ግን መዝገብ ላይ አይገባም። ደብተር ሰጠናቸውና ለአራት ጉዞ እንዲጽፉልን ለመንናቸው፦ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የጭነቱ መጠን፣ መርፌው በየቦታው የት እንደነበር፣ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ምን ያህል ውሃ እንደተጨመረ።

ደብተሩ ሲመለስ ሦስት ነገር ነገረን። አንደኛ፣ በአራቱም ጉዞ የተጨመረ ውሃ የለም። ሁለተኛ፣ መርፌው የሚወጣው በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብላ ዳገት ስትወጣና ሮቢት ገበያ ላይ ሞተሯ ሳይጠፋ ስትቆም ነው። ሦስተኛ፣ ጣርማበርን አልፋ ፍጥነት ስትይዝ መርፌው ራሱ ወደ መሐል ይመለሳል።

ጓርኒሲዮን ሲቃጠል ምልክት አለው። ውሃው ሳይንጠባጠብ ይጎድላል፤ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል፤ ቀዝቃዛ ሞተር ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ የራዲያተሩ ቱቦ ይጠነክራል። አንድ በአንድ አየን፣ አንዱም አልነበረም። እነዚህ ቢኖሩ ኖሮ ጋራዡ ትክክል ነበር፤ እኛም ፈርመን እንከፍል ነበር።

ከዚያ ከርካሹ ጀምረን ወደ ውዱ ሄድን። የራዲያተሩን ክዳን አየን፤ ጎማው አልተሰነጠቀም። ክዳን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በእኛ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባቄላችን ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው። ደህና ክዳን ግን ግፊቱን ስለሚይዝ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ደርሶም አይፈላም። ቺንጋውን በአውራ ጣት ተጫንነው፤ አልላላም። ቴርሞስታቱን አስፈትተን በማኅበሩ ወጥ ቤት ድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠለጠልነው፤ ወደ 80 ዲግሪ ሲደርስ ተከፈተ። «አውጥታችሁ ጣሉት» የሚሉን ነበሩ፤ ያለ እሱ ሞተሩ በብርድ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ናፍጣ ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል። መልሰን አስገጠምነው።

የቀረው አየር ነበር። መኪና ስትሮጥ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል። ዳገት ላይ ስትጎተት ግን አየር የሚስብላት ቬንትሌተሩ ብቻ ነው። የደብተሩ ሁለተኛና ሦስተኛ ነጥብ ወደዚሁ ያመለክቱ ነበር። ራዲያተሩን ከፊት ብናየው ክንፎቹ መሐል ጭድ፣ ጭቃና የሽንኩርት ልጣጭ ተሞልቷል። ግፊቱ በቀነሰ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት አሳጠብነው። በሚቀጥለው ጉዞ መርፌው ቀነሰ፣ ግን አልዳነም።

ቀጥለን ቬንትሌተሩን አየን። መሐሉ ላይ መካኒኮች ፋን ክላች የሚሉት አለ። ውስጡ ወፍራም ሲሊከን ዘይት አለው፤ ሲሞቅ ቬንትሌተሩን አጥብቆ ይዞ ያሽከረክረዋል። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅ ሲገፋ መክበድ ነበረበት። የእኛው እንደ ልጆች መጫወቻ ብዙ ዙር ዞረ፤ ዙሪያውንም ዘይት አርሶታል። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አዲስ አስመጣን። ከዚያ ወዲህ ጣርማበርን ስትወጣ መርፌው ከመሐል ጥቂት ከፍ ይላል እንጂ ቀዩን አይጠጋም። ዋጋው ለቴስታታው ከተጠየቅነው እጅግ ያነሰ ነው፤ የመስከረሙም ብድር እንደምታውቁት በቀኑ ተከፍሏል።

እጥበቱንና ክላቹን በአንድ ቀን ብናደርግ ኖሮ የትኛው እንዳዳናት አናውቅም ነበር። አንድ ነገር ለውጦ፣ ሞክሮ፣ ጽፎ ነው ወደ ሌላው መሄድ።

የራሳችንንም ጥፋት እንናገር። ትርፍ ፈልገን ከአቅሟ በላይ ስናስጭናት ቆይተናል። ራዲያተሯም ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደታጠበ መዝገባችን ላይ አልተገኘም። አሁን ሁለቱም ወሰንና ቀን አላቸው።

ከመኪናዋ ጋር ለምትሄዱ እኅቶች አደራ አለን። መርፌው ሲወጣ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። እንፋሎት ከሌለ ሞተሩ ሳይጠፋ የጋቢናውን ማሞቂያ ክፈቱ፤ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። እንፋሎት ከወጣ ወይም ውሃ ከፈሰሰ ወዲያውኑ አጥፉት። የሞቀ ራዲያተር ክዳን በፍጹም አትክፈቱ፤ ፊትና እጅ ይልጣል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍሱ፤ ያልተሰነጠቀውን ቴስታታ የሚሰነጥቀው እሱ ነው።

ደብተሩ ጋቢና ውስጥ ነው። የምትጓዝ ሁሉ ታንብበው፣ ትጻፍበትም። ሌላ ጊዜም ትልቅ የወጪ ማዘዣ ሲመጣ «መቼ? የት? ስንት ጎደለ?» ብላችሁ እኛንም ጠይቁን።