የማገዶው ሸክምና የጓዳው ጭስ
(በክሊኒካችን መቆያ ክፍል ለተገልጋዮች ከተደረገ ንግግር)



ተራችሁን እስክትጠሩ ድረስ በየቀኑ ስለምታውቁት ነገር ላነጋግራችሁ፤ ስለ ማገዶ።

የአየር ንብረት ተለወጠ ሲባል ጥፋቱ የእኛ የሚመስለን አንጠፋም። አፍሪካ ግን ወደ አየር የምትለቀው በካይ ጋዝ ከመላው ዓለም ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ሆኖም ደን ሲመነጠር አፈሩ ይታጠባል፣ ምንጩ ይደርቃል፣ ማገዶውም ይርቃል። ርቀቱን በእግሯ የምትከፍለው እናት ናት፤ ከእሷም ጋር ከትምህርት ቤት የምትቀረው ልጇ።

ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ጎብጠው የሚወርዱ ሴቶችን ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ከወለደች ብዙም ሳትቆይ ከባድ ሸክም የምትሸከም እናት ለማሕፀን መውረድ ልትጋለጥ ትችላለች። ከወለዱ በኋላ እንደገና ከማርገዝ በፊት ቢያንስ 2 ዓመት መቆየት የሚመከረውም ሰውነት እንዲያገግም ነው።

ማገዶው ቤት ሲገባ ደግሞ ጭሱ ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ጭሱ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል፤ ነፍሰ ጡር ስትስበው ደግሞ ልጇ ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ከቦ ስለሚይዝ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። እሱን መግዛት ባይቻል እንኳ እንጨቱን በደንብ አድርቁ፤ በርና መስኮት ክፈቱ፤ ልጅ አዝላችሁ አትጋግሩ።

አባቶችም ስሙኝ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ማገዶ የሴት ብቻ ሥራ ነው ያለው ማን ነው?

በጎረቤታችን ኬንያ ዋንጋሪ ማታይ፣ የገጠር ሴቶች «ማገዶና ውሃ ራቀን» ሲሉ ሰምተው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ሴቶቹ ችግኝ አፍልተው የሚተክሉበትን እንቅስቃሴ ጀመሩ። ለጸደቀው ችግኝ ሁሉ ጥቂት ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ዛፍ በቀለ። ዋንጋሪ እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆኑ። የተጀመረው ግን እናንተ በየቀኑ ከምትናገሩት ብሶት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ነርሷ ዘንድ ስትገቡ ስለ ሸክማችሁና ስለ ጓዳችሁ ጭስ ንገሯት። የሚያስል ልጅ ካለም አትደብቁ። ይህም የጤና ጉዳይ ነውና።