ሻምበል ምሩጽ ይፍጠርን ስናስብ
(በሐይቅ ለጉባኤ አባላትና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ስለ ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር እንደምንናገር በተሰማ ጊዜ ከወጣቶቻችን አንዱ፣ «ለምን የአዲግራት ሰው? በወሎ ሰው ጠፍቶ ነው?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄውን አንቆጣበትም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ሐይቅና ደሴ በደረሰ ጊዜ ቤቱ የተዘረፈበት፣ ዘመዱ የሞተበት ሰው ዛሬም በመካከላችን ተቀምጧል። ሰሜን ሲባል ፊቱ የሚጠቁር ሰው እንዳለ እናውቃለን፤ ለምን እንደሚጠቁርም እናውቃለን። ይሁን እንጂ በደጃችን የሚያልፈው ይህ አስፋልት በውጫሌና በመርሳ፣ በወልድያና በአላማጣ አድርጎ፣ መቀሌን አልፎ አዲግራት ይገባል። ሻምበል ምሩጽ በዚያው መንገድ ወዲያኛው ጫፍ፣ ግንቦት 7 ቀን 1936 ዓ.ም. ተወለዱ። ያረፉትም ጦርነቱ ከመነሣቱ 4 ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። በእርሳቸው ላይ የምንይዘው ቂም የለንም።

በወጣትነታቸው በፋብሪካ ሠርተዋል፤ ጋሪም ነድተዋል። ጋሪ መንዳት ምን ያህል እንደሚያደክም ለሐይቅ ሰው አይነገረውም። ኋላ አየር ኃይል ገቡ፤ የሩጫ ችሎታቸውም የታወቀው በዚያ ነው።

ሰው ስለ እርሳቸው ሲያወራ ሁልጊዜ ከድሉ ይጀምራል። እኛ ግን ዛሬ ከስሕተቱ ልንጀምር ወደድን። በ1963 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በደርሃም ከተማ፣ በ5,000 ሜትር ሲሮጡ ዙሩን አሳሳቱና አንድ ዙር ሲቀር ያለቀ መስሏቸው በኃይል ሮጠው ቆሙ። ሌላው አልፎ አሸነፈ። በዚያው ውድድር የ10,000 ሜትሩን ግን እርሳቸው ወሰዱ። በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኙ፤ ቀጥሎ በ5,000 ሜትር ማጣሪያ መነሻው ላይ በሰዓቱ ሳይደርሱ ቀሩና ውድድሩ ያለ እርሳቸው ተጀመረ። ስለ ምክንያቱ ብዙ ተብሏል። አገር ቤት ሲመለሱም ሆነ ብለው ነው ተብለው ታስረው እንደ ነበር ይነገራል። በ1965 ዓ.ም. ግን በሌጎስ የመላው አፍሪካ ጨዋታ በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ በ5,000 ሜትር ብር ይዘው ተመለሱ።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር እንናገር። የማሽላ ዘር ልናከፋፍል ስም በመዘገብንበት ዓመት አንድ የአምባሰል አባት መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ደረሱ። የታመመ ልጅ ይዘው ጤና ጣቢያ ውለው ነበር። እኛም «አባቴ፣ ሰዓቱ አልፏል» አልናቸው። «እሺ ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ዱላቸውን ይዘው ተመለሱ። አለመቆጣታቸው እስከ ዛሬ ይከነክነናል። የዚያን ዓመት ማሳቸውን የዘሩት ዘር ተበድረው፣ ጎረቤት ሁሉ ዘርቶ ከጨረሰ በኋላ ነበር። መዝገቡ የእኛ፣ እስክሪብቶውም በእጃችን ነበረ፤ አንድ መስመር መጨመር ምን ይከብደን ነበር? ከዚያ ወዲህ ከሚታደለው ዘር ጥቂቱን ዘግይቶ ለሚደርስ ሰው እናስቀራለን።

ወደ ሻምበል ምሩጽ እንመለስ። በ1968 ዓ.ም. ለሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲጠበቁ፣ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ዘረኛው መንግሥት ወደሚገዛት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ከ20 የሚበልጡ የአፍሪካ አገሮች ከውድድሩ ወጡ። ኢትዮጵያም ወጣች። የጥቁር ሕዝብ ክብር ነውና ተገቢ ነበር እንላለን፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ሯጮቹ ናቸው። 4 ዓመት ለሯጭ እግር ረጅም ነው።

በሐምሌ 1972 ዓ.ም. ወደ ሞስኮ ሲሄዱ 36 ዓመታቸው ነበር፤ ባለ ትዳርና የልጆች አባት ነበሩ። ዕድሜያቸው የጋዜጠኞች መነጋገሪያ ሆኖ ነበር፤ ሽማግሌ ነው ያሏቸውም ነበሩ። ሐምሌ 20 ቀን በ10,000 ሜትር ከመሐመድ ከድርና ከቶሎሳ ቆቱ ጋር ተረዳድተው እየመሩ ሮጡ። መጨረሻው ሲቃረብ፣ 300 ሜትር ያህል ሲቀር፣ ሻምበል ምሩጽ ተስፈንጥረው ወጡ፤ «ማርሽ ቀያሪው» ያሰኛቸውም ይኸው ነው። ወርቅ ለእርሳቸው ሆነ፤ መሐመድ ነሐስ አገኘ፤ ቶሎሳ አራተኛ ወጣ።

ሐምሌ 25 ቀን በ5,000 ሜትር የሆነው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ልባችንን ይነካዋል። የመጨረሻው ዙር ላይ ሻምበል ምሩጽ በሯጮች መካከል ተዘግተው መውጫ አጡ። ከፊት የነበረው መሐመድ ከድር ነበር። መሐመድም ፈቀቅ አለና መንገድ ለቀቀላቸው። በዚያች ክፍተት ወጥተው አሸነፉ። የመሐመድ ስም በዚያ ቀን ከሜዳልያ አሸናፊዎቹ መካከል የለም። ምሩጽና መሐመድ! እኛ ወሎዬዎች፣ በአንድ ድንኳን ለቅሶ የምንቀመጥ፣ በአንድ ደቦ የምናጭድ ሕዝብ፣ ይህን ሌላ ሰው ሊተረጉምልን አይገባም።

ከጉባኤያችን አንድ አባት ያን ቀን ሲያስታውሱ፣ ሬዲዮ ባለው አንድ ጎረቤት ቤት እስላሙም ክርስቲያኑም ተሰብስቦ እንደ ነበር ነገሩን። «ሯጩ የየት ክፍለ ሀገር ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር?» አልናቸው። ሳቁብን። «ልጄ፣ ሁሉም ይጮኽ ነበር፤ ማን ሰምቶ ማን ይጠይቃል?» አሉ። በአሰላ ገጠርም የ7 ዓመት ልጅ የነበረው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ድሉን በሬዲዮ ሰምቶ ሯጭ ለመሆን እንደ ተመኘ ኋላ ተናግሯል። በአንድ ኦሊምፒክ ሁለቱን ርቀት በወንዶች ያሸነፈ ሌላ ኢትዮጵያዊ ግን እስከ 2000 ዓ.ም. አልተገኘም፤ በቤጂንግ ቀነኒሳ በቀለ ነው።

ሻምበል ምሩጽ በኋለኛው ዘመናቸው በካናዳ ኖሩ። ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. በ72 ዓመታቸው በቶሮንቶ አረፉ፤ አስከሬናቸውም ወደ አገራቸው መጥቶ በአዲስ አበባ ተቀበረ።

ለጠየቀን ወጣት ያለን መልስ ይኸው ነው። ካልበቃው ከስብሰባው በኋላ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፤ የደረሰበትን ጉዳት እርሱ ያውቃል፣ እኛም እንሰማዋለን።

አንድ ማስታወቂያ አለን። ቅዳሜ ጠዋት ከቢሯችን ተነሥተን እስከ ሐይቁ ዳር ደርሰን የምንመለስበት ሩጫ ይኖራል። መሮጥ የሚችል ይሮጣል፣ የማይችል ይራመዳል፤ የዕድሜ ገደብ አላወጣንም። ስም የምንጽፈው እስከ ዓርብ ማታ ነው። ዓርብ ያልደረሰ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ፤ መዝገቡን ይዘን በር ላይ እንቆማለን።