የተላከው ቁጥር ይመለሳልን?

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ በብዙዎቻችሁ ጠረጴዛ ላይ በየወሩ የሚያልፍ ነው፤ ይኸውም የጤና ሪፖርት ነው። ሪፖርቱን የምታጠቃልሉ፣ የምትፈርሙና ወደ በላይ መሥሪያ ቤት የምትልኩ ሁሉ፣ በዚያ ላይ የሰፈረው ቁጥር ከወዴት እንደ መጣ፣ ከተላከም በኋላ ወዴት እንደሚደርስ አብረን እንድንመረምር እለምናችኋለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ከዳንግላ ልጀምር። ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ሜጀር ቺዝማን የጣናን ዳርና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ መረመረ፤ የመረመረውንም በካርታ አሰፈረ። መጽሐፉ በ1936 በለንደን ታተመ። የደከመበት ሥራ ዛሬም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የወንዙንና የተራራውን ስም የሚያውቁት ያገሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሥራው የታተመው ደግሞ እነርሱ በማያነቡት ቋንቋና በማይደርሱበት ከተማ ነበር። ይህን የማነሣው ያለፈውን ለመውቀስ ሳይሆን፣ ስለ አንድ አገር የሚሰበሰብ ዕውቀት ከባለቤቱ ርቆ ሊቀር እንደሚችል ለማሳየት ነው።

አሁን ደግሞ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በሐሳባችሁ ተከተሉ። በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም መሠረት ከቤት ወደ ቤት እየሄደች ነፍሰ ጡሯን፣ ሕፃኑንና ሕመምተኛውን ትመዘግባለች። ክረምት ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው። እናቲቱ በአዊኛ ትመልስላታለች፤ እርስዋ ግን ቅጹ የተዘጋጀበት ቋንቋ አማርኛ ስለ ሆነ በልቧ ተርጉማ ትጽፋለች። ወሩ ሲያልቅ ቁጥሩን ደምራ ለጤና ጣቢያው ትሰጣለች፤ ከጤና ጣቢያው ወደ ወረዳው፣ ከወረዳው ወደ ዞኑ፣ ከዞኑ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። በወረቀት በሚሠራበት ዘንድ ቁጥሩ በተገለበጠ ቁጥር የመሳሳት ዕድል አለ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ቁጥሩ የሚወጣበት ደረጃ በግልጽ ታውቆ ሳለ የሚወርድበት ደረጃ አለመታወቁ ነው። ቁጥሩን የሰጠችው እናት የሰጠችው ምን እንዳፈራ የሚነግራት የለም።

ይህን መንገድ ለማሳጠር በዘመናችን ብዙ መሣሪያዎች ተሠርተዋል። ከእነዚህም ውስጥ ኦፕን ሶርስ የሚባሉት ልዩ ባሕርይ አላቸው። ኮምፒዩተር የሚሠራው ሰው በጻፈለት ትእዛዝ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ይህም ጽሑፍ ኮድ ይባላል። በሌሎች ፕሮግራሞች ዘንድ ኮዱ እንደ ተቆለፈ ሣጥን ነው፤ ቁልፉ በሻጩ እጅ ነው። በኦፕን ሶርስ ግን ኮዱ ለሁሉ ተገልጧል፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ያርመዋል፣ ለአገሩ እንዲስማማ አድርጎ ይለውጠዋል፣ ለሌላውም ያካፍለዋል። የፈረስ ነገር ለሚያውቅ ለአዊ ሰው ምሳሌው ግልጽ ነው፤ ኮርቻው በጉዞ ላይ ቢበላሽ፣ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው በመንደሩ ያለው መንገደኛ ጠግኖ ይሄዳል፤ የሌለው ግን ፈረሱን እየሳበ በእግሩ ይመለሳል።

ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ይባላል። ሥሩ ደቡብ አፍሪቃ ከ1994 በኋላ የተከፋፈለውን የጤና አገልግሎትዋን አንድ ለማድረግ በደከመችበት ጊዜ የተተከለ ነው፤ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲም እያሳደገው ኖሯል። የአገራችን ጤና ሚኒስቴር ይህንኑ ተቀብሎ በመላ አገሪቱ የጤና ሪፖርት ማጠናቀሪያ አድርጎታል። ሌላው በ2008 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኦፕን ዳታ ኪት ነው፤ ይህ የወረቀቱን ቅጽ ወደ እጅ ስልክ የሚያገባ ነው። የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓታችንም የቤተሰቡን ማኅደር ከወረቀት ወደ ታብሌት ሲያዛውር የተነሣው ኮምኬር በሚባል ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም ላይ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች የፈተሉት ክር እዚህ ደርሷል ማለት ነው።

በታብሌት መመዝገብ ምን እንደሚጠቅም በአገራችን ተፈትኗል። ትራኮማ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ እያጠፈ ብሌንን የሚፍቅ፣ መጨረሻውም ዕውርነት የሆነ በሽታ ነው፤ የአማራ ክልልም በዚህ ብዙ ተጎድቷል። የካርተር ማዕከል ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ከ12,000 በላይ ቤቶችን መሠረታዊ ኮዱ የተገለጠ በሆነው በአንድሮይድ በሚሠራ ታብሌት መዝግበው ውጤቱን በ2013 አሳተሙ። በቅድሚያ በተደረገው ሙከራ አንድ ሰው ለመመዝገብ በወረቀት በአማካይ 264 ሴኮንድ፣ በታብሌት 260 ሴኮንድ ፈጀ። እንግዲህ በቤቱ ደጃፍ ላይ የተገኘ የጊዜ ትርፍ የለም ማለት ይቻላል። ትርፉ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቅጹን ሁለት ጊዜ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥና ማመሳከር ቀረ፤ ውጤቱም ወዲያው ታወቀ። የዕቃው ዋጋ ቅጾቹን ለመገልበጥ ከሚወጣው ወጪ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፤ ዕቃው ግን ለሚቀጥለው ሥራ ደግሞ ያገለግላል።

ከዚያው ጥናት አንድ ሌላ ነገር ልብ በሉ። መዝጋቢዎቹ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከሚጠይቁት ሰው ጋር ያላቸው መቀራረብ የጎደለ መስሎ ተሰምቷቸው ነበር። ኋላ ግን መሣሪያውን ለመዱት፤ ወደ ፊትም በእርሱ መሥራትን መረጡ። ከዚህ የምንማረው፣ መሣሪያ በሰውና በሰው መካከል ሲገባ መጀመሪያ እንደ ግድግዳ እንደሚሆንና መስኮት የሚያደርገው ልምምድ መሆኑን ነው።

ይህን ሁሉ ስል ኦፕን ሶርስ ወጪ የለበትም ማለቴ አይደለም። ለኮዱ የፈቃድ ዋጋ ባይከፈልም፣ ታብሌቱ ይገዛል፤ መብራት ይፈልጋል፤ ሠራተኛው ይሠለጥናል፤ ጠጋኙም ደመወዝ ይሻል። ይልቁንም ኮድን የማረም መብት፣ የሚያርም ሰው ከሌለ፣ ባለቤቱ እንዳላረሰው መሬት ጾሙን ያድራል። የረዳን ፕሮጀክት ጊዜው አልቆ ሲሄድ ታብሌቱ በቁም ሣጥን ተቆልፎ እንዳይቀር፣ ጠጋኙ ከዚሁ ከእኛው መካከል መገኘት አለበት። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ኮምፒዩተር የሚማሩ ወጣቶችም አሉ። እነዚህ ወጣቶች የተገለጠውን ኮድ ማንበብ ቢለማመዱ፣ የአዊን የጤና ቅጽ የሚያድሱት እነርሱ በሆኑ ነበር።

ስለዚህ አዲስ የጤና ፕሮግራም ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ሲመጣ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አራት ጥያቄ እንድትጠይቁ አሳስባችኋለሁ።

አንደኛ፦ ቢበላሽ ማን ያበጀዋል? ሻጩ ብቻ ከሆነ፣ የሥራችን ቁልፍ በእጃችን አይደለም።

ሁለተኛ፦ መሥመር ሲቋረጥ ይሠራልን? በ2023 ክረምት በክልላችን ግጭት በተነሣ ጊዜ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ አንረሳውም። በሽታ ግን መሥመር እስኪመለስ አይጠብቅም። መዝገቡ በመሣሪያው ላይ ተቀምጦ ኋላ የሚላክ መሆን ይገባዋል።

ሦስተኛ፦ በምን ቋንቋ ይናገራል? በኦፕን ዳታ ኪት የሚዘጋጅ አንድ ቅጽ ብዙ ቋንቋዎችን ሊይዝ ይችላል። እንግዲህ ጥያቄው በአዊኛም ተጽፎ እንዳይቀርብ የሚከለክለው መሣሪያው ሳይሆን የእኛ ቸልተኝነት ነው። በደንብ ያልተረዳ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ አያመጣም።

አራተኛ፦ የሕመምተኛው ስም የት ይቀመጣል? ማንስ ያየዋል? ኮድ ይገለጥ ማለት የሰው ምስጢር ይገለጥ ማለት አይደለም። በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ይህን እንድንጠብቅ ያዝዘናል።

እነዚህ አራቱ ከተመለሱ በኋላም አንድ ሥራ ይቀራል፤ እርሱንም ማሽን አይሠራልንም። ከቀበሌ የመጣው ቁጥር ወደ ቀበሌው መመለስ አለበት። ስንት ሕፃናት ክትባት እንደ ቀረባቸው፣ ስንት እናቶች በቤታቸው እንደ ወለዱ፣ ከባለፈው ዓመት ምን እንደ ተሻሻለ በአንድ ገጽ ተጽፎ በጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍና በስብሰባ ላይ በአዊኛ ቢነበብ፣ ያች እናት በሚቀጥለው ጊዜ በሯን በደስታ ትከፍታለች፤ እውነቱንም ትናገራለች። የቺዝማን ካርታ ከዳንግላ ወጥቶ ለንደን ገብቷል። የዛሬው መሣሪያ ግን የሚመለስበትን መንገድ ራሳችን እንድንሠራለት ፈቅዶልናል። ፈቃዱ ተሰጥቷል፤ ሥራው የእኛ ነው።