ኤክስፐርት ማን ይባላል?



ስለ በሽታ ሁላችሁም ጠግባችኋልና ዛሬ ስለ አንድ ቃል እንዳወራ ፍቀዱልኝ። ቃሉ «ኤክስፐርት» ነው። እኔ በምሠራበት በይፋት ቆላ ይህ ቃል የወንበር ስም ነው። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ስትገቡ የግብርና ኤክስፐርት አለ፣ የጤና ኤክስፐርት አለ፣ ሲኒየር ኤክስፐርት አለ። የምደባ ደብዳቤ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ ኤክስፐርት ነው፤ የተመደበው ትናንት ቢሆንም።

ቃሉ ሲወለድ ግን እንዲህ አልነበረም። ምንጩ ላቲን ነው፤ «ኤክስፔሪሪ» ማለት መሞከር፣ መፈተን ነው። «ኤክስፐርቱስ» ደግሞ ሞክሮ ያየ፣ የተፈተነ ማለት ነው። ኤክስፔሪያንስና ኤክስፐሪመንት ወንድሞቹ ናቸው። እንግሊዞች ለብዙ ዘመን በቅጽልነት ሲጠቀሙበት ኖረው የሰው መጠሪያ አድርገው የለመዱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አንድ ሌላ ዘመድም አለው፤ «ፔሪኩሉም» ይባላል። በላቲን ሙከራም አደጋም ማለት ነው። በእኛ ሥራ ሞካሪው ሐኪሙ፣ አደጋው ግን የታካሚው መሆኑን ሳስብ ይህ ዝምድና ያስደነግጠኛል።

የኛስ ቃላት? ሴት «ባለሙያ ናት» ከተባለች ወጧ ተቀምሷል ማለት ነው፤ ማንም ዲፕሎማዋን አልጠየቃትም። «ሐኪም» ከዐረብኛው ጋር አንድ ነው፤ ይፋት ውስጥ ቁርኣን የቀሩ አባቶች ጥበበኛ ማለት እንደሆነ ከእኔ በተሻለ ያስረዱታል። «አዋቂ» ስንል ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፤ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «የልምድ አዋላጅ» የሚለው ነው። እስቲ አስቡት፤ የላቲኑን ቃል ወደ አማርኛ መልሱ ብትባሉ ከዚህ የቀረበ ታገኛላችሁ? በእኛ ሪፖርት ግን «የልምድ» ማለት ያልተማረ ማለት ሆኗል። እንግሊዝኛውም ላይ ይኸው ደርሷል፤ ከግሪኩ «ልምድ» የመጣው «ኤምፒሪክ» አንድ ዘመን የሐሰተኛ ሐኪም ስድብ ነበር።

ልምድን ለማወደስ አልተነሣሁም። ሠላሳ ዓመት ያዋለዱ እናት፣ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ የሄደችው ሴት ምን እንደሆነች ካልሰሙ፣ ሠላሳ ዓመቱ ያንኑ አንድ ዓመት መደጋገም ነው። ለዚህ ነው ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን የማነሣው። በ1962 እ.ኤ.አ. በወሊድ ተጎድተው ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ገቡ፤ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን አከሟቸው። እዚያው ቀሩ፤ አልጋ አነጠፉ፣ ቀዶ ሕክምና ላይ መሣሪያ አቀበሉ፣ ቀስ በቀስም ራሳቸው የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። በ1989 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለእሳቸውና ለሃምሊን ባልና ሚስት የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠ። እኔ እንደሚመስለኝ ምስጢሩ የእጅ ስጦታ ብቻ አይደለም። ከጎናቸው የሚያርም ሰው ነበረ፤ የተሰፋችውም ሴት እዚያው ዋርድ ውስጥ ናት። ስፌቱ ከያዘ አንሶላው ይደርቃል፣ ካልያዘ ይረጥባል። በቀናት ውስጥ መልሱ ይመጣል።

ወደ እኛ ልምጣ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ነው። ታማሚ ወደ ላይ ስንልክ አምቡላንሱ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ያለውን ጣርማ በርን ወጥቶ፣ ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ ሾልኮ ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳል፤ ካስፈለገም እስከ አዲስ አበባ። ወደ ላይ የሚሄደው ወረቀት ሙሉ ነው። ግርጌው ላይ ግን «ግብረ መልስ» የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ እሱ ተሞልቶ ሲመለስ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው።

አንዲት ወላድ ማሕፀኗ ተቀዶ ይሆናል ብዬ ላክሁ። ከወር በኋላ ወሬዋን የነገረኝ የአምቡላንሱ ሾፌር ነው፤ «ደኅና ገብታለች ዶክተር» አለኝ። ደስ አለኝ። ማሕፀኗ ተቀዶ ነበር ወይስ አልነበረም? እሱን ሾፌሩ ከየት ያውቃል። እኔም ዛሬ ድረስ አላውቅም፤ ስለዚህ የሚቀጥለዋን ሴት ሳይ ከመጀመሪያዋ የተማርሁት ነገር የለም። አጠገቤ ያለው ጀማሪ ጠቅላላ ሐኪምማ፣ ባለፈው ዓመት ከእናንተ እጅ የወጣው ልጅ፣ በቀን ሁለትና ሦስት ሰው ይልካል። አምስት ዓመት እንዲህ ከቆየ «ልምድ አለው» ብለን ደብዳቤ እንጽፍለታለን፤ በምን ተፈትኖ?

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ያንን ወረቀት የምትቀበሉ ናችሁ። ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ፤ ተረኛው ሦስት ኮሪደር ሙሉ ሰው ይጠብቀዋል። ሁለት መስመር ይበቃናል፦ ያገኛችሁት ይህ ነው፣ የተደረገው ይህ ነው። ግምታችን ስሕተት ከነበረም «ስሕተት ነው» በሉን፤ አንቀየምም። መምህራን ደግሞ ተለማማጅ ሐኪሞች ታማሚ ሲያሰናብቱ ግርጌውን መሙላታቸውን እንደ ሥራቸው ቆጥራችሁ ነጥብ ብትሰጡበት በአንድ ዓመት ልማድ ይሆናል። ፖስታ አያስፈልገውም፤ ለአስታማሚው ስጡት፣ በጣርማ በር ይዞልን ይወርዳል።