ቁጥቋጦውን ዘንድሮም አንንካው
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ተራራችንን ከግጦሽና ከቆረጣ ከከለልን አምስት ዓመት ሞላ። ዛሬ በፊታችን ያለው ጥያቄ፣ በዚያ የበቀለውን ክትክታና ደደሆ መንጥረን ለማገዶ እንሽጠው፣ በቦታው ባሕር ዛፍ እንትከል ወይስ እንተወው የሚል ነው። ጥያቄውን ያነሱት እህቶቻችን ለምጣዳቸው የሚያነዱት ያጡ ናቸውና ቀለል አድርገን አናየውም።

አስቀድመን ግን ተራራው ምን እየሠራ እንዳለ እንመልከት። በመጀመሪያው ክረምት የወጣው ሣር ብቻ ነበር። ሣሩ የዝናቡን ጉልበት ሰበረ፣ አፈሩን ያዘ፤ በጎርፍ ይወርድ የነበረው ውሃም ወደ መሬት መስረግ ጀመረ። ቀጥሎ ክትክታ መጣ። ፍሬው ክንፍ ስላለው ነፋስ ይወስደዋል፤ ቅጠሉን ፍየል ስለማይወደው በተጎዳ መሬት ላይም ይጸናል። ከዚያ ደደሆው ተከተለ።

“ይህ ቁጥቋጦ ምን ይጠቅማል?” ያላልን የለንም። ባለፈው ጥቅምት ሣር ስናጭድ ግን ከደደሆው ሥር የወይራ ችግኝ አገኘን። ማንም አልተከለውም። ወፎች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ካለው አሮጌ ወይራ ፍሬ በልተው ቁጥቋጦው ላይ ሲያርፉ ዘሩን ይጥሉታል። ጥላው እርጥበት ይይዝለታል፤ ቅርንጫፉ ከፍየል አፍ ይከልለዋል። ባዶው መሬት ላይ ግን አንድም የወይራ ችግኝ አላየንም። ቁጥቋጦው የወይራው ሞግዚት ነው። ሞግዚቷን ካባረርን ልጁን ማን ያሳድግልናል?

በወላይታ ሁምቦ የሆነውም ይህንኑ ያስተምራል። የአካባቢው ሕዝብ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ከልሎ፣ የሞተ ከሚመስል ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየመረጠና እየገረዘ ደን አደረገው። አብዛኛው ዛፍ የተገኘው በሕይወት ከቆየ ሥር ነው። ከካርቦን ሽያጭም ገቢ አግኝተውበታል።

ተራራችን አያቶቻችን ያወቁት ደን ሆኖ ላይመለስ ይችላል። ወፍ ዘር የሚያመጣው እናት ዛፍ ካለ ብቻ ነው። በአካባቢያችን እናቱ የጠፋችውን፣ ለምሳሌ ዝግባን፣ እኛው ከቁጥቋጦው ጥላ ሥር መትከል አለብን።

መታገሥ ግን ለሁላችንም እኩል አይከብድም። ላም ያላት ሣር ታገኛለች፤ ማገዶ ለቅማ ትሸጥ የነበረችው ግን መተዳደሪያዋን አጥታለች። ስለዚህ ሦስት ነገር እናቀርባለን፤ ከብት የሌላቸው አባላት ከሣሩ ድርሻቸውን ወስደው ይሽጡ፤ የደረቀ እንጨት በተራ ይለቀም፤ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መግዣ ከቁጠባችን ያለ ወለድ ይሰጥ።

ክቡራን ደጋፊዎቻችን፤ በየዓመቱ ስንት ችግኝ እንደተከልን ትጠይቁናላችሁ። ከዚህ በኋላ ስንቱ እንዳደገ ጠይቁን። ለችግኝ መግዣ ከምትመድቡት ገንዘብ ከፊሉ ለጥበቃ ሠራተኛ ደመወዝ ቢውል፣ ለተራራው የሚበጀው እርሱ ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ተራራችን ገና መቆም መጀመሩ ነው። ድምፅ ስትሰጡ ያን የወይራ ችግኝ አስቡት።