ተራራ ላይ ያለው ታዛዥ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ሰው በማይኖርበት ተራራ ላይ ተቀምጦ ከሩቅ ስለሚታዘዝ መሣሪያ ነው። ስሙም ሪፒተር ይባላል። በእጅ የሚያዝ ራዲዮ ጉልበቱ ትንሽ ስለ ሆነ ኰረብታ ሲጋርደው ድምፁ ይቀራል። ሪፒተር ግን ከከፍታው ላይ ሆኖ በአንድ ሞገድ የሰማውን ወዲያውኑ በሌላ ሞገድ በኀይል መልሶ ያሰማል። በአሜሪካ በ2 ሜትር ባንድ የሚሠሩት የአማተር ራዲዮ ሪፒተሮች በሁለቱ ሞገዶች መካከል አብዛኛውን ጊዜ የ600 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት አላቸው። ጐርፍ ወይም ዐውሎ ነፋስ ስልክን በቈረጠ ጊዜ ለእርዳታ የተሰማሩ ሰዎች በእንዲህ ያለው ጣቢያ ይነጋገራሉ።

ታዲያ ሰው በሌለበት ጣቢያውን ማን ያበራዋል? ማንስ ያጠፋዋል? ይህን የሚሠራው ኮንትሮለር የተባለው ክፍል ሲሆን፥ ትእዛዙ የሚደርሰው በቃና ነው። የቤል ስልክ ኩባንያ በ1963 እ.ኤ.አ. በፔንሲልቫኒያ ለሕዝብ ያቀረበው ባለ ቁልፍ ስልክ አንድ ቁልፍ ሲነካ ሁለት ቃና በአንድነት ያሰማል፤ አንዱ የረድፉ፥ ሁለተኛው የዓምዱ ነው። ለምሳሌ 5 ቁጥር ሲነካ 770 እና 1336 ኸርዝ አብረው ይሰማሉ። ዛሬ ባንክ ደውለን «1ን ይጫኑ» ስንባል በወዲያኛው ጫፍ ያለው መሣሪያ የሚሰማው ይህንኑ ዓይነት ቃና ነው። የዚህ ሥርዓት ስምንት ቃናዎች ሲመረጡ አንዱ የሌላው ብዜት እንዳይሆን፥ የሁለቱም ድምር ወይም ልዩነት ከሌላው ጋር እንዳይገጥም ጥንቃቄ ተደርጓል።

ይሁን እንጂ የሰው ድምፅ ብዙ ቃና ስላለበት ተናጋሪው ሳያውቀው አንዳንድ ጊዜ ቁልፍ የተነካ ያስመስላል። ስለዚህ መሣሪያው ሁለቱ ቃናዎች በተቀራረበ ጉልበት ለጥቂት ጊዜ ሳይቋረጡ መቆየታቸውን አስቀድሞ ያረጋግጣል። ለዚህ ሥራ በብዙ ኮንትሮለር ውስጥ በሚገኘው ኤምቲ 8870 በተባለው ቺፕ ይህ ጊዜ 40 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው።

ኮንትሮለሩ አንድ ቁጥር እንደ ሰማ አይቸኩልም። ቁጥሮቹን በተራ ይመዘግባል፤ የላኪው ሞገድ ሲቋረጥ ወይም የተወሰነው ጊዜ ሲያልፍ፥ በውስጡ ከተቀመጠው የምስጢር ቁጥር ጋር ያስተያያል። ከገጠመ ይፈጽምና መፈጸሙን በሞርስ ወይም በንግግር ድምፅ ያስታውቃል። ካልገጠመ ሁሉን ደምስሶ ሌላ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ብዙ ኮንትሮለሮች ምስጢሩ ለአድማጭ ሁሉ እንዳይዳረስ፥ ቃና ሲገባ ወደ ውጭ የሚያስተላልፉትን ድምፅ ይዘጋሉ። ነገር ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ግድግዳም ጆሮ አለው ከተባለ፥ አየርማ ጆሮው ስንት ይሆን! ወደ ሪፒተሩ የሚገባውን ሞገድ በቅርብ ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው ቁጥሮቹን ቀድቶ፥ የተቸገሩ ሰዎች እርዳታ በሚጠሩበት ሰዓት ጣቢያውን ሊያጠፋባቸው ይችላል። ስለዚህ ጥንቁቆቹ ባለ ጣቢያዎች ዋናውን ትእዛዝ በስልክ መስመር ወይም በተለየ ሞገድ ይልካሉ። የአሜሪካ ሕግም የትእዛዙ መስመር ቢበላሽ ከሩቅ የሚታዘዘው የአማተር ጣቢያ ከ3 ደቂቃ በላይ እንዳያስተላልፍ የሚያግድ መሣሪያ እንዲኖረው ያዛል።

እኛ ተማሪዎች አንድ ነገር ስንሠራ አብዛኛውን ጊዜ ደስ የሚለን አዘነው እሺ ሲለን ነው። በቤተ ሙከራም የምናሳየው ይኸንኑ ነው። የተራራው ታዛዥ ግን ሁለት ሌላ ጥያቄ እንድንጠይቅ ያስገድደናል፤ ይኸውም፦ የማይገባው ሰው ሲያዘው እንዴት እምቢ ይላል? የሚያዘው ቢጠፋስ ምን ያደርጋል? ነገ የብዙ ሰው ሕይወት የሚታመንበትን መሣሪያ የምንሠራ ነንና፥ እነዚህን ጥያቄዎች ከአሁኑ እንድንለምዳቸው እንለምናለን። የመምህራኖቻችንን እርማት በደስታ እንቀበላለን።